ሁለተኛው ፖስታ

አንባቢዬ ሆይ፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በታገዱ ጊዜ ቪፒኤን በስልክዎ ላይ ጭነው እንደ ሆነ ጥቂት ይታገሡኝ። እገዳው ተነሥቷል፤ ቪፒኤኑ ግን አሁንም እዚያው ይሆናል።

የኢንተርኔት አድራሻ እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ መልስ የሚላክበት ስለ ሆነ የሚጎበኙት ገጽ ሁሉ ያየዋል። ቪፒኤን ደብዳቤዎን በሁለተኛ ፖስታ አሽጎ ወደ ራሱ ይወስድና በራሱ ሣጥን ቁጥር ያስተላልፈዋል። የስልክ ኩባንያው ወደ አስተላላፊው መላክዎን ብቻ ያያል፤ ተቀባዩም የአስተላላፊውን ቁጥር ብቻ። አስተላላፊው ግን ሁለቱንም ያውቃል!

እንግዲህ ይህ አስተላላፊ ማነው? ፌስቡክ በ2006 ዓ.ም. የገዛው ኦናቮ የተባለው ነጻ ቪፒኤን፣ ጠባቂ ነኝ እያለ ተጠቃሚዎቹ በስልካቸው ምን እንደሚከፍቱ ለጌታው ይነግር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ተዘጋ። ያለ ዋጋ የሚያገለግል ሁሉ ደመወዙን ከአንድ ወገን ማግኘቱ አይቀርም።

ደግሞም በስምዎ ፌስቡክ ከገቡ ቁጥሩ ቢሸሸግ ስሙ አይሸሸግም። መስመሩ ሲቆረጥማ ምንም አይረዳም፤ በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ስልኩም ኢንተርኔቱም በጠፋ ጊዜ ለደምቢዶሎ ሰው ቪፒኤን ምን ያደርግለታል?

አሁን የስልክዎን ‹‹ሴቲንግ›› ከፍተው ቪፒኤን የሚለውን ይፈልጉ። የተጫነውን ስም ያገኙታል። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የማይናገር ከሆነ፣ ዛሬ ማታ የባንክ ሂሳብዎን ከመክፈትዎ በፊት ያጥፉት።