የተገዛ ፕሮጀክት ሲኒየር ኢንጂነር አያደርግም



የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን ሲደርስ «ያለቀ ፕሮጀክት የሚሸጥ ሰው አለ» የሚል ወሬ በየዶርሙ ይዞራል። ኮዱም ሪፖርቱም ተሠርቷል፤ የሚቀረው ስም መቀየር ብቻ ነው። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይህን ሰምተን ስቀን እናልፋለን፤ አንዳንዶቻችንም ገዝተናል። ጉዳዩን በጀመዓችን ውስጥ በግልጽ ልንነጋገርበት ይገባል።

ብዙዎቻችን ምኞታችንን ስንጠየቅ «የሃርድዌር ዲዛይን ሲኒየር ኢንጂነር» እንላለን። በተለይ ኤፍፒጂኤ የሚባለው ቺፕ ያጓጓናል። ሌላው ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ የውስጥ ሰርኪዩቱ ተወስኖ ነው፤ የኤፍፒጂኤ ሎጂክ ግን ከተመረተም በኋላ እንደ አዲስ ሊዋቀር ይችላል። ዛይሊንክስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው የመጀመሪያው ቺፕ 64 የሎጂክ ብሎኮች ብቻ ነበሩት፤ የዛሬዎቹ ትልልቆች በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሎጂክ ሴሎችን ይይዛሉ። መድረሳ ለተማርን ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ሉሕ ታጥቦ ሌላ አንቀጽ እንደሚጻፍበት ማለት ነው።

ታዲያ ሲኒየር የሚባለው ማን ነው? ኮድ ቶሎ የሚጽፈው አይደለም። ሲኒየሩ አንድ መስመር ቬሪሎግ ከመጻፉ በፊት ዕቃው ምን መሥራት እንዳለበት በጽሑፍ ይወስናል። ክሎኩ 100 ሜጋኸርዝ ከሆነ አንዱ ዙር 10 ናኖሰከንድ ነው፤ ምልክቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ መድረሱን ያሰላል። ካልደረሰ ሰርኪዩቱ አንዴ ልክ፣ አንዴ ስህተት ይሆናል። ከዚያም ዲዛይኑ የሚፈተንበትን ቴስት ቤንች ያዘጋጃል፤ ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ከዲዛይኑ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የጀማሪዎችን ሥራ መርምሮ ኃላፊነቱን የሚወስደውም እሱ ነው።

ፍተሻ ሲጎድል የሚመጣውን ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንቴል ፔንቲየም ቺፕ ለማካፈል በሚጠቀምበት ሠንጠረዥ ውስጥ ጥቂት ቦታዎች ባዶ ቀርተው አንዳንድ መልሶች ተሳስተው ተገኙ። ያ ቺፕ ደግሞ እንደ ሉሕ ታጥቦ የሚጻፍበት አልነበረም፤ መለወጥ ነበረበት። ኩባንያው 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ።

ፕሮጀክት የገዛ ተማሪ የራሱን ስህተት ፈልጎ አግኝቶ አያውቅም። ፈታኙ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግኸው?» ሲለው መልስ የለውም። ነገ የሆስፒታል መሣሪያ ወይም የኃይል ማከፋፈያ መቆጣጠሪያ ቢሰጠውስ? የሰው ሕይወት አማና ነው።

ከመካከላችን ከይፋግና ከአካባቢዋ የመጣን አለን። ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሟ የታወቀ ገበያ ነበረች። ያኔ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር፤ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ስለሚቀንስ ነጋዴ አገላብጦ ሳያይ አይቀበልም። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሚዛን የሚያጓድሉትን ታስጠነቅቃለች። ሌላ ሰው የሠራውን በራስ ስም አቅርቦ ነጥብ መቀበልም በእኛ እምነት ሚዛን ማጉደል ነው።

«ቦርድ የለንም፣ መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የዲዛይን ትልቁ ትምህርት ያለ ቦርድም ይጀመራል። አይካረስ ቬሪሎግ እና ጂቲኬዌቭ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው፤ አንዴ ከተጫኑ በተራ ላፕቶፕ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በቆጣሪ ሰርኪዩት ጀምረን፣ ወደ ትራፊክ መብራት መቆጣጠሪያ አልፈን፣ ቀጥሎ ሁለት መሣሪያዎችን የሚያነጋግር ሰርኪዩት ማድረስ እንችላለን።

ሐሳባችን ይህ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰብስበን አንዳችን የሌላችንን ዲዛይን እንመርምር። በመድረሳ ኡስታዙ ፊት ቀርተን ስህተታችን ሲታረም አላፈርንም፤ የተማርነውም በዚያ ነው። ትንሽ ሆኖ የራሳችን የሆነ ፕሮጀክት፣ ትልቅ ሆኖ ከተገዛው ይሻለናል። የገዛን ካለንም የተውበት በር ክፍት ነው፤ ከዛሬ ጀምረን የራሳችንን እንሥራ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና ቅን ኒያ ይወፍቀን። አሚን።