ማይክሮፎኑ የት ይቁም?

ድምፅ እንቅረጽ ስንል አብዛኞቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው የማይክሮፎኑን ዋጋ ነው። በእኛ እምነት ግን ከዋጋው የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርሱም ማይክሮፎኑ የት ይቁም የሚለው ነው። ለዚህ አባባላችን ደብረ ታቦርን ምስክር እንጠራለን።

ደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም መዲና ናት። እንደሚነገረው አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ሞገድና በዳርቻው የበቀለውን ሸምበቆ ውዝዋዜ ተመልክተው ይህን ስልት አፈለቁ። የጎንደር ሊቃውንት ሳይቀበሉት ቢቀሩም ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ስልቱም በስሙ ተጠራ። በተክሌ አቋቋም እንግዲህ ዝማሜው ጌጥ ሳይሆን የዜማው አካል ነው።

ስለ ፒያኖ ቀረጻ የተጻፉ መመሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ፒያኖ ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ይዘማሉ። ግድግዳ በሌለበት ሥፍራ ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲያድግ የድምፁ ደረጃ በ6 ዴሲቤል ገደማ እንደሚቀንስ በፊዚክስ ተምረናል። ከማይክሮፎኑ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ የቆመ ዘማሪ በዝማሜው ሌላ 50 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ድምፁ በዚሁ መጠን ይወርዳል። ማይክሮፎኑ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን ግን ያው እንቅስቃሴ የሚያስከትለው ለውጥ 1.3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። እጅግ የቀረበ ማይክሮፎን ሊቃውንቱ ያላሰቡትን መዋዠቅ በዜማው ላይ ይጨምራል ማለት ነው። እጅግ ሲርቅ ደግሞ ከቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ቃሉን ይውጠዋል። ትክክለኛው ቦታ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ሲሆን በየቦታው እየተለካ መፈለግ አለበት።

የማይክሮፎኑ ዓይነትም ቸል አይባልም። የጸናጽሉን ቀጭን ድምፅ ለመያዝ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ይመረጣል፤ ለከበሮው ብርቱ ምት ዳይናሚኩ ይበቃል። ከፊት ለፊቱ ያለውን ድምፅ ብቻ አጥርቶ የሚሰማ ማይክሮፎን ወደ ከበሮው አብዝቶ ሲጠጋ ወፍራሙን ድምፅ ከልክ በላይ ያጎላል። በእጅ ስልክ የሚቀርጹም ይጠንቀቁ፤ የድምፅ መጠንን በራሱ የሚያስተካክለው ሥርዓት ከበሮው በተመታ ቁጥር የሰውን ድምፅ አብሮ ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ሥርዓት ሊዘጋ የሚችል ከሆነ መዝጋት ይገባል።

ዜማ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ የሚተላለፍ ነውና ቀረጻ ምን ይረባዋል የሚሉ ይኖራሉ። ቀረጻ መሪጌታውን እንደማይተካ እኛም እንስማማለን። ሆኖም መምህሩ ባለፉ ጊዜ ቀረጻው ምስክር ሆኖ ይቀራል፤ የተዛባ ቀረጻ ደግሞ የሐሰት ምስክር ነው። ከ50 ዓመት በኋላ የሚሰማው ተማሪ የማይክሮፎኑን ስሕተት ከመምህሩ ስልት ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ የአቋቋም ትምህርትና ዩኒቨርሲቲ ጎን ለጎን ይገኛሉ። የፊዚክስ ተማሪዎች ሜትራቸውንና መቅረጫቸውን ይዘው፣ የሊቃውንቱን ፈቃድ ጠይቀው፣ አገልግሎት በማይታወክበት የትምህርት ሰዓት ቢሄዱ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ። ከእያንዳንዱ ቀረጻ ጋር ቀኑን፣ ቦታውንና የማይክሮፎኑን ርቀት መመዝገብም አይዘንጋ። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መምህራኑ ግን አይጠብቁንም።