«ለቪ8 የሚሆን ዘይት ለሞተር ያንሳል ወይ?» ለሚሉ

በአዲስ አበባ ካሉት የመለዋወጫ መደብሮች በአንዱ፣ ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር አንድ ወጣት የሞተር ሳይክሉን ዘይት ሊቀይር መጥቶ «የትኛው ይሻላታል?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ፣ ነጋዴው ከመደርደሪያው ላይ በዋጋም በመልክም ከሁሉ የላቀውን፣ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች የተሠራውን ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት አውርዶ «ለቪ8 የሚሆን ዘይት ለሞተር ያንሳል ወይ ወንድሜ?» ሲል መለሰለት። ወጣቱም ሞተሩን ያከበረ መስሎት፣ የደከመበትን ገንዘብ ቆጥሮ ከፍሎ ወጣ። ይህ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰምቶ ማለፍ በተገባ ነበር፤ ዳሩ ግን ይኸው ንግግር በየጋራዡ፣ በየሞተር ተራውና በየነዳጅ ማደያው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ ዛሬ ማንም የማይመረምረው ቀኖና ለመሆን ስለ በቃ፣ ዝም ማለት ከበዳዩ ጋር መተባበር ሆኖ ታየኝ።

የዚህ አነጋገር ሥሩ የአሳብ ስንፍና ነው። ቪ8 በአገራችን የባለሥልጣንና የባለጸጋ መኪና ስለ ሆነ፣ እርሱ የሚጠጣው ዘይት ከድኻው ሞተር ዘይት ይበልጣል፣ የበለጠውም ያነሰውን ሥራ መፈጸም አያቅተውም ተብሎ ይታመናል። ዘይት እንደ ሹመት ከደጃዝማች እስከ ባላምባራስ በማዕረግ የተደረደረ ይመስል፣ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ደርቦ እንዲያስተዳድር ይጠበቃል። ለመሆኑ ይህን የሚሉት ሰዎች ዘይቱ በቪ8 ሞተር ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ፣ ከዚያም በላይ ምን ምን እንደማይሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው ያውቃሉ?

የማይሠራውን እኔ ልናገር። ቪ8 ብዙውን ጊዜ አውቶማቲክ መኪና ነው፤ ማርሹም የሚቀያየርበት ከሞተሩ ዘይት ፈጽሞ የተለየ የራሱ ዘይት አለው። በእጅ ማርሽ የሚነዱትም መኪናዎች ቢሆኑ፣ ፍሪሲዮናቸው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል በደረቅ ቤት ውስጥ የሚኖር ደረቅ ፍሪሲዮን ስለ ሆነ፣ የሞተሩ ዘይት ከቶ እንዳይደርስበት በጎሚኒ ታጥሮ ይጠበቃል። ያ ጎሚኒ አርጅቶ ዘይት ያንጠባጠበ እንደ ሆነ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፤ መካኒኩም «ዘይት ነክቶታል» ብሎ ካምቢዮውን እስከ ማውረድ ይደርሳል። እንግዲህ ዘይት በፍሪሲዮን ላይ ያለውን ሥልጣን በመኪና ላይ እንዲህ ጠንቅቆ የሚያውቀው ባለሙያ፣ ወደ ሞተር ሳይክል በዞረ ጊዜ ያንን ዕውቀቱን ወዴት ጥሎት ነው «ማንኛውም ዘይት ይሆናል» የሚለው?

የሞተር ሳይክል ነገር እንዲህ አይደለምና። በከተማችንና በገጠራችን የሚመላለሱት ባለ 100፣ ባለ 125ና ባለ 150 ሲ.ሲ. የሕንድና የጃፓን ሞተሮች በአብዛኛው የሚይዙት አንድ ሊትር ያህል ዘይት ሲሆን፣ ያ ጥቂት ዘይት ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ያለሰልሳል፤ የካምቢዮውን ጥርሶች ከመፋጨት ይጠብቃል፤ በሦስተኛም ፍሪሲዮኑን በውስጡ አጥምቆ ይይዛል። የሞተሩን የቀኝ ጎን ክዳን ፈትቶ የተመለከተ ሰው፣ ክብ በሆነ የብረት ቅርጫት ውስጥ ሸራ የለበሱ ዲስኮችና ልሙጥ የብረት ዲስኮች ተራ በተራ ተደራርበው፣ በሞላዎች ኃይል ተጨፍልቀው፣ ከዳር እስከ ዳር በዘይት ርሰው ያገኛቸዋል። የግራ እጅ መያዣውን በለቀቀ ጊዜ እነዚህ ዲስኮች እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ፤ ከሞተሩ የተነሣው ኃይል ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚያልፍበት መንገድ ይኸው መነካከስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሞተር ሳይክል የሚሆን ዘይት በሁለት ተቃራኒ ትእዛዛት ሥር የሚያገለግል ነው፤ በፒስተኑና በጥርሱ ዘንድ ፍትጊያን እንዲያጠፋ፣ በፍሪሲዮኑ ዘንድ ግን ፍትጊያን እንዲጠብቅ ታዟል። የመኪናው ዘይት ይህን ሁለተኛውን ትእዛዝ አልተቀበለም፤ ሊቀበልም አልተፈጠረም።

እንዲያውም በተቃራኒው ተማረ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ የመኪና ፋብሪካዎች ከእያንዳንዷ ጠብታ ቤንዚን ጥቂት መንገድ እንኳ ለመጨመር ሲሉ ዘይታቸውን እያቀጠኑ፣ ፍትጊያ የሚቀንሱ ቅመሞችን፣ ከእነዚህም መካከል ከሞሊብዴነም የሚሠሩትን፣ እየጨመሩበት መጡ። ለመኪናው ይህ በረከት ነው። በዘይት ለተጠመቀው የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ግን ያው ቅመም በሸራውና በብረቱ መካከል ገብቶ መነካከሱን የሚያላላ ጠላት ነው። የጃፓን የአውቶሞቢል ደረጃዎች ድርጅት፣ ማለት ጃሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች የተለየ የዘይት ደረጃ እንዲያወጣ ያስገደደውም ይኸው የመኪና ዘይት ለውጥ ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት ዘይቱ በፍሪሲዮን ዲስኮች ላይ ተፈትኖ፣ ዲስኮቹ በመንሸራተት ላይ ሳሉ ያለው ፍትጊያ፣ ከተያያዙ በኋላ ያለው ፍትጊያና እስኪቆሙ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ይለካል፤ ፈተናውን ያለፈው «ኤም.ኤ.» ይባላል፤ ፍትጊያው ያነሰው ደግሞ «ኤም.ቢ.» ተብሎ ፍሪሲዮናቸው ከዘይት ውጭ ለሆነ ስኩተሮች ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 «ኤም.ኤ.» ራሱ «ኤም.ኤ.1»ና «ኤም.ኤ.2» ተብሎ ተከፈለ። ሊቃውንቱ ይህን ሁሉ የደከሙት፣ ለመኪና የሚበጀው ለሞተር ሳይክል እንደማይበጅ በሥራ ስላዩ ነው።

«አባቶቻችን ግን የመኪና ዘይት እየጨመሩ ሃያ ዓመት ነድተዋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አባቶቻችን እውነት አላቸው። ያን ጊዜ የነበረው የመኪና ዘይት ዛሬ በዚያው ስም ከሚሸጠው ጋር አንድ አይደለም፤ የጃፓን ፋብሪካዎች ራሳቸው በዚያ ዘመን በመመሪያቸው ላይ የመኪናውን ዘይት ደረጃ ይጠቅሱ ነበር። ዛሬ ግን ሆንዳ በመመሪያ መጽሐፉ፣ በክቡ የኤ.ፒ.አይ.፣ ማለት የአሜሪካ የነዳጅ ዘይት ተቋም፣ ምልክት ውስጥ «ኃይል ቆጣቢ» ወይም «ሀብት ቆጣቢ» የሚል ቃል የተጻፈበትን ዘይት እንዳንጠቀም በግልጽ ያስጠነቅቃል። ዘይቱ ተለውጦ ሳለ በትናንቱ ዘይት የተገኘውን ልምድ ለዛሬው ዘይት ምስክር አድርጎ ማቅረብ፣ ለአባቶች ክብር አይጨምርላቸውም፤ ያልተናገሩትን በአፋቸው ማኖር ነው።

የሚያሳዝነኝና የሚያስቆጣኝም ከዚህ ስሕተት የሚወለደው ጉዳት በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ሳይ ነው። ወጣቱ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አቀበቱን ሲጀምር ነዳጅ ይሰጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። መጀመሪያ በአራተኛ ማርሽ፣ ቀጥሎ በሦስተኛ፣ በመጨረሻም ዕቃ ጭኖ ገና ሲነሣ ይንሸራተታል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከእግሩ ሥር ይነሣል፤ ከሸራው የተላጠውም ብናኝ በዚያው ዘይት ተሸክሞ ወደ ማጣሪያውና ወደ ኩሽኔታው ይዞራል። በዚህ ጊዜ ማንም ዘይቱን አይጠረጥርም። «የሕንድ ዕቃ እኮ ነው» ይባላል፤ «አነዳድህ ነው፣ ፍሪሲዮን ይዘህ ትነዳለህ» ተብሎ ይወቀሳል። ከዚያም ዘይቱን ወደ ሸጠለት ወደዚያው መደብር ተመልሶ አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ይገዛል፤ ከሸራው ጋርም ያንኑ ዘይት ደግመው ይሰጡታል። ነጋዴው ይህን የሚያደርገው አውቆ ነው ብዬ አልከስም፤ ነገር ግን በአንድ ባንኮኒ ላይ ዘይትና ሸራ እየሸጠ፣ የሁለቱን ዝምድና ሳይጠይቅ ዓመታትን ያሳለፈ ሰው፣ አለማወቁን እንደ ምክንያት ሊያቀርብ አይገባውም። ሰው እንጀራውን በሚያበስልበት ዕቃ ላይ ምክር የሚሰጥ፣ የሚናገረውን የማወቅ ግዴታ አለበት።

ሌላው «ወፍራሙን ጨምርበት» የሚባለው ምክር ብዙ ቦታ አይገባውም። በጋሎኑ ላይ ከተጻፈው «ደብልዩ» ከሚባለው ፊደል በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ የሚኖረውን ጠባይ፣ ከእርሱ በኋላ ያለው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ የሚኖረውን ውፍረት ይናገራል፤ 20ደብልዩ-50 የተባለው ዘይት ከዜሮ በታች እስከ 20 ዲግሪ ድረስ በፓምፑ ሊሳብ የሚችል ሆኖ የተፈተነ ስለ ሆነ፣ የአዲስ አበባ የኅዳር ውርጭ እርሱን የሚያሰጋው አይደለም። 10ደብልዩ-30 እንዲጠቀም ተደርጎ ለተሠራ ሞተር ግን 50 መጨመር ነዳጅ ከማስፈጀት ሌላ ጥቅሙ አይታየኝም። ውፍረት ስለ ፍሪሲዮን አንዳች ነገር አይናገርም፤ ወፍራምም ሆኖ የሚያንሸራትት፣ ቀጭንም ሆኖ የሚያስነክስ ዘይት አለ። ባለ ሁለት ምት የሆኑትም፣ ለምሳሌ በየወረዳው የግብርና ባለሙያዎች ሲነዷቸው የምናያቸው ኤ.ጂ.100 ያማሃዎች፣ ፒስተናቸውን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠል፣ ከካምቢዮውና ከፍሪሲዮኑ ዘይትም የተለየ ስለ ሆነ ጉዳያቸው ሌላ ነው።

ደግሞም «እኔ የናፍጣ መኪና ዘይት ጨምሬ ምንም አልሆነም» የሚል አይጠፋም። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ከናፍጣ ዘይቶች መካከል ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም የሌለባቸው፣ የ«ኤም.ኤ.»ንም ፈተና አልፈው ምልክቱን የሚይዙ አሉ። እንዲህ ያለው ዘይት ለሞተር የሆነው ምልክቱ የሚመሰክረውን ጠባይ ስለ ያዘ ነው፤ ለትልቅ መኪና መሠራቱ ከጉዳዩ ጋር የሚያገናኘው የለም። ምልክቱ በጋሎኑ ጀርባ ላይ ካለ ይጨመር፤ ከሌለ ቪ8 ይጠጣው፣ አውሮፕላን ይጠጣው፣ ሞተር ሳይክል ውስጥ አይግባ።

የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ የሚፈልገውን ውፍረትና የሚፈልገውን ደረጃ በአንድ ገጽ ጽፎ አስቀምጦታል፤ ብዙዎቹ የሕንድ ሞተሮች 20ደብልዩ-50 ሆኖ የ«ኤም.ኤ.» ምልክት ያለበትን ይጠይቃሉ፤ ይህም ዘይት ብዙውን ጊዜ ያ ነጋዴ ካወረደው ሲንተቲክ ዘይት በዋጋ የረከሰ ነው። መጽሐፉ ግን በውጭ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ፣ ገዢው ከሞተሩ ጋር ሲረከብ ከፕላስቲኩ ሳያወጣው መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ስለዚህ ዘይቱን ወደ አገር የሚያስገቡት ነጋዴዎች፣ ለሞተር ሳይክል በተፈተነው ዘይት ጋሎን ላይ ለሞተር ሳይክል መፈተኑን በጉልህ ፊደል በአማርኛ ይጻፉ፤ ነዳጅ ቆጣቢ ቅመም ባለበት በመኪናው ዘይት ጋሎን ላይም ፍሪሲዮኑ በዘይት ለሚሠራ ሞተር ሳይክልም ሆነ ለባጃጅ እንደማይሆን በዚያው ፊደል ይጻፉበት።