ውስዋስ ሲበረታ፦ መድኃኒቱ ምን ያህል ይረዳል?



ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዱ ለዙህር ሶላት ሲዘገይብኝ ከውዱእ ቦታ አገኘሁት። ሦስተኛውን ኩስኩስት እያንጠፈጠፈ ነበር። እጆቹ ተሰነጣጥቀዋል። «ኡስታዝ፣ ክርኔ ውኃ ያልነካው እየመሰለኝ ነው» አለኝ። እኔም «ከሸይጧን ነው፤ አዑዙ ቢላህ በል» ብዬ ሸኘሁት። ልጁ አዑዙውንም እየቆጠረ መደጋገም ጀመረ። ምክሬ ሌላ ሸክም እንደጨመረበት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ፉቀሃዎች እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም ይላሉ። ልጁ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ማወቁ ግን እጁን አላስቆመለትም። ሐኪሞች ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር የሚሉት ሕመም ነው እንጂ የኢማን ድክመት አይደለም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺም ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ውስዋስን ለብቻው ለይቶ ተመልክቶታል።

ክሎሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። በ1991 በታተመ ጥናት ከ500 በላይ ሕሙማን ለ10 ሳምንታት ሲታዩ፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ሕመማቸው በአማካይ 40 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ባዶ ክኒን የተሰጣቸው ግን ከ5 በመቶ አላለፈም። ቀነሰ እንጂ ጠፋ አላልኩም! ዛሬ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚጀምሩት ጎጂ ጎናቸው በሚቀልለው እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ባሉት ነው። ቢሆንም ከአሥር ሰው አራት አምስቱ በመጀመሪያው መድኃኒት በቂ ለውጥ ላያዩ ይችላሉ።

የልጁ እናት በሦስተኛው ሳምንት «ኡስታዝ፣ ምንም አልለወጠውም፤ ላስቁመው» ብለው መጡ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ያለ መጠንና ከ8 እስከ 12 ሳምንት ትዕግሥት ይፈልጋል። በድንገት ማቋረጥ ያዞራል፣ ሕመሙንም ሊመልስ ይችላል። ታዳጊ ሲጀምር ደግሞ ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣበት ወላጅ በቅርብ ይከታተል። (ለረመዳንም ብዙዎቹ በቀን አንዴ ስለሚወሰዱ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መመካከር ነው፤ በራስ መዝለል አይገባም።)

ከመድኃኒቱ ጎን፣ ሕመምተኛው የሚፈራውን እየተጋፈጠ ድግግሞሹን የሚተውበት ሕክምና አለ፤ ውጤቱ ከክኒን አያንስም። ለልጃችን ይህ ማለት አንዴ ታጥቦ፣ ጥርጣሬውን እንደያዘ ሶፍ መግባት ነበር። መጀመሪያ እያለቀሰ ነው የገባው።

እናትየው ለመታገሥ ተስማሙ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ልጁ ውዱእ የሚያደርገው በአንድ ኩስኩስት ነበር፤ አንዳንድ ቀን በሁለት።