ኮምፕረሰር በቀለሙ አይገዛም

በጎሚስታ፣ በጋራዥ፣ በቀለም ርጭትና በእንጨት ሥራ ቤቶች የዕለት ጉርስ የሚገኘው ከአየር ነው። ኮምፕረሰሩ የቆመ ዕለት ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ደንበኛውም ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ይህን ያህል ነገር የተሸከመ ዕቃ ግን ገበያችን ውስጥ የሚሸጠው በመልኩ ነው። በግ ገዢ እንኳ ላቱን ሳይዳስስ ገንዘብ አይቆጥርም። ያገለገለ ኮምፕረሰር ገዢ ግን አዲስ ቀለም የተቀባ ታንከር አይቶ፣ ሞተሩ ሲጮኽ ሰምቶ ይከፍላል።

ላቱን መዳሰሻው የእጅ ሰዓት ነው። ታንከሩን ባዶ ማድረግ፣ መክፈቻዎቹን መዝጋት፣ ማሽኑን አስነስቶ ጌጁ 8 ባር እስኪደርስ ደቂቃ መቁጠር። ባለ 200 ሊትር ታንከር እዚያ ለመድረስ በባሕር ጠለል ላይ 1600 ሊትር ገደማ አየር ይበቃዋል። አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ ያው ታንከር 2100 ሊትር ያህል ይጠይቃል። ታርጋው በደቂቃ 300 ሊትር የሚል ከሆነ 7 ደቂቃ መሆኑ ነው። ታርጋ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ፒስተኑ የሚስበውን እንጂ ታንከሩ ውስጥ የሚገባውን ስላልሆነ፣ 10 ደቂቃ ቢፈጅም ማሽኑን አንከሰውም። 15 እና 20 ሲሆን ግን ወይ ዋጋው ይውረድ፣ ወይ ገዢው መንገዱን ይቀጥል።

ቀርፋፋ ማሽን ሁሉ አንድ ዓይነት በሽተኛ አይደለም። የአየር ፊልትሮው ወልቆ እጅ ሲጠጋ፣ መሳብ የሚገባው አፍ መልሶ የሚተፋ ከሆነ የመሳቢያው ቫልቭ ተሰብሯል ወይም አልገጠመም። ይህ ቀላል ጥገና ነው። ከዘይት ማጠራቀሚያው መተንፈሻ አየር በኃይል የሚወጣ ከሆነ ግን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ራሱ አልቋል፤ እሱ ሌላ ወጪ ነው። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ሲሸጡ ማየት የተለመደ ሆኗል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው “ሞተሩ ተቃጥሏል” የሚለው የችኮላ ፍርድ ነው። ማሽኑ ያጓራል፣ አይነሳም፣ ፊውዝ ይጥላል። ወዲያው ሞተሩ ወልቆ ሽቦው እንደገና ይጠመጠማል፤ ባለቤቱ ከፍሎ ወደ ሱቁ ይመልሰዋል፤ ማሽኑ አሁንም ያጓራል። ከመክፈሉ በፊት ታንከሩን ባዶ አድርጎ ቢያስነሳው ኖሮ መልሱን ያገኝ ነበር። ባዶውን ተነስቶ ግፊት ሲኖር እምቢ የሚል ማሽን በአብዛኛው ሞተሩ ደህና ነው። የያዘው ፒስተኑ ላይ ታፍኖ የቀረ አየር ነው። ማሽኑ ሲቆም ከአውቶማቲኩ አጠገብ “ፊስ” የሚል አጭር ድምፅ የሚሰማው ያ አየር ሲተነፍስ ነው። ድምፁ ከጠፋ ማስተንፈሻው ተደፍኗል። ድምፁ ሳያቋርጥ ታንከሩ እየጎደለ ከሄደ ደግሞ ቼክ ቫልቩ አየር እየመለሰ ነው። ቼክ ቫልቭ በመዳፍ የምትያዝ ዕቃ ናት፤ ታንከሩ ባዶ ከሆነ በኋላ ተፈትታ መታጠብ ብቻ የሚበቃት ጊዜም አለ።

ባዶውንም ካልተነሳ ሞተሩን ከመወንጀል በፊት መብራቱ ይለካ። 220 ቮልት የሚጠብቅ ሞተር 180 ሲደርሰው የማስነሻ ጉልበቱ ሲሶውን ያህል ያጣል። ቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ብቻውን ይህን ሊያደርግ ይችላል። ከዚያ ካፓሲተሩ፣ ከዚያ ቺንጊያው ወልቆ ሞተሩ ብቻውን ይሞከር።

ስለ ሳሙና አረፋ የማያውቅ የለም፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። በ7 ባር ግፊት 1 ሚሊሜትር የሆነች ቀዳዳ በደቂቃ 70 ሊትር ያህል ታባክናለች። ለትንሽ ሱቅ የምርቱ ሩብ ማለት ነው፤ የመብራት ሒሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

በታንከሩ ላይ ግን ድርድር የለም። ከሥሩ ያለው መክፈቻ ሲከፈት ዝገት የበዛበት ቀይ ውሃ የሚተፋ፣ ወይም ሆዱ ላይ የብየዳ ጥፍጥፍ ያለበት ታንከር በምንም ዋጋ አይገዛ። ዝገት ከውስጥ የበላውን ብረት ብየዳ አይመልሰውም፤ 8 ባር ይዞ የተቀደደ ታንከር አጠገቡ የቆመውን ሰው ይገድላል። አዲሱ ቀለም ምን እየሸፈነ እንደሆነ ሻጩ ይጠየቅ።

ደላሎች “ገዢ 10 ደቂቃ የሚጠብቅ ትዕግሥት የለውም” ይላሉ። እውነቱ ግን ኮሚሽኑ ከሙከራ በፊት ቢቆረጥ የሚመርጡ መኖራቸው ነው። በሳምንቱ ዕቃ ተሸክሞ እየተሳደበ የሚመለስ ደንበኛ ከ10 ደቂቃ የበለጠ ጊዜ ይበላል። ሻጩ “እዚህ መብራት የለም” ካለም መላ አለው፦ ቀብድ ብቻ ይያዝ፣ ማሽኑ መብራት ወዳለበት ይሂድ፣ ቀሪው ጌጁ 8 ባር ከነካ በኋላ ይቆጠር።