ሰርተፊኬት የለበሰ ኸምር

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አባት ከዐስር ሶላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ ጠብቀው አነጋገሩኝ። ልጃቸው ከእኔ ዘንድ ቁርአን የቀራ፣ ጨዋና ታታሪ ወጣት ነው። ዛሬ በአሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ በአንድ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ይሠራል። አሠሪው «የወይን ጠጅ ትምህርት ተማር፤ ክፍያውን እኔ እችላለሁ፤ ሰርተፊኬቱን ስትይዝ ደመወዝህ ያድጋል» ብሎታል። ልጁም «አባባ፣ መጠጣት እኮ አይደለም፤ መማር ነው። የቀመስኩትን እተፋዋለሁ» የሚል መልእክት ለአባቱ ላከ። አባትም ግራ ገብቷቸው «ኡስታዝ፣ ምን ልበለው?» አሉኝ። የዚያን ዕለት አጭር መልስ ሰጥቻቸው ተለያየን። ጥያቄው ግን የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እዚህ ላቀርበው ወደድኩ።

ውድ አንባቢያን! ይህ ትምህርት እንደ ተራ ነገር የሚታይ አይደለም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ወይን ተክልና ስለ ወይን ጠጅ ምርምርና ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ዛሬ በዴቪስ ከተማ ያለው ቅርንጫፉ ከዲግሪው ሌላ የወይን ጠጅ አሠራር ሰርተፊኬት በኢንተርኔት ይሰጣል። በፈረንሳይ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ለቅምሻ ችሎታ ብቻ የተዘጋጀ ዲፕሎማ አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን ውስጥ የተቋቋመ የመጠጥ ነጋዴዎች ማስተማሪያ ድርጅትም በብዙ አገሮች ፈተና ይሰጣል፤ በሦስተኛው ደረጃ ተፈታኙ ስማቸው የተደበቀ ሁለት ወይን ጠጆች ቀምሶ እንዲገልጻቸው ይጠየቃል።

እኛ ከዕውቀት ጋር ጠብ የለንም። ወይን የአላህ ጸጋ ነው፤ ፍሬውም ዘቢቡም ሐላል ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አቸቶን ጥሩ ማባያ ብለው አወድሰዋል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ወይን ጠጅ ለምን እንደሚበላሽ ሲመረምር የደረሰበት ዕውቀት ዛሬ ወተታችንን ከጀርም ይጠብቅልናል። ሊጥ እንዴት እንደሚቦካ፣ እርሾ ምን እንደሚሠራ የሚያጠና ሙስሊም ተማሪ አላህ ይርዳው እንላለን። ነገር ግን አሠሪው ለልጃችን የሚከፍልለት ይህን ለማወቅ ነውን? አይደለም! የሚከፍለው ልጁ ምላሱን አሠልጥኖ፣ አንደበቱን አሳምሮ፣ ጠርሙስ እንዲሸጥለት ነው። ትምህርቱ የሚለካው በቅምሻ ነው፤ የሚፈለገው ፍሬም ሽያጭ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ኸምርን የከለከለው በደረጃ ነው። በመጀመሪያ በአል-በቀራ ምዕራፍ ጥቅም እንዳለው ገልጾ ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ አስታወቀ። ቀጥሎ በአን-ኒሳእ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብን ከለከለ። በመጨረሻም በአል-ማኢዳ በቁርጥ እንድንርቀው አዘዘ። ልብ በሉ! ትእዛዙ «አትጠጡ» ከማለት የሰፋ ነው፤ «ራቁ» ነው። አፍንጫን ከብርጭቆ አፍ አስገብቶ፣ በአፍ አንገላቶ፣ ከዚያም መትፋት መራቅ ይባላልን? በዚያ ላይ የአራቱ መዝሀቦች ዋነኛ አቋም ኸምር ነጃሳ ነው የሚል ነው። ነጃሳን ወደ አፍ አስገብቶ «ተፍቼዋለሁ» ማለት ለሶላት ውዱእ ለሚያደርግ አፍ ምን ዓይነት መልስ ነው?

ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኸምር ምክንያት አስር ሰዎችን ረግመዋል፤ ከጠጪው ሌላ ጨማቂው፣ ተሸካሚው፣ ቀጂው፣ ሻጩና ዋጋውን በይው ሁሉ በቁጥሩ ውስጥ ናቸው። ታዲያ ሰርተፊኬቱ ልጃችንን ከየትኞቹ ጋር ያስቆመዋል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከኡመታቸው ኸምርን በሌላ ስም እየጠሩ የሚጠጡ ሰዎች እንደሚመጡ አስጠንቅቀዋል። ዛሬ ስሙ «የቅምሻ ጥናት» ሆኗል። በዴቪስ የነበሩት ፕሮፌሰር አን ኖብል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወይን ጠጅ ሽታ ስሞችን በአንድ ክብ ሠንጠረዥ ላይ አሰፈሩ፤ ከአበባና ከፍራፍሬ ጋር የእርጥብ ውሻ ሽታ እንኳ አልቀረም! እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ደግሞ በቦርዶ ለ54 የወይን ጠጅ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ጠጅ ቀረበላቸው፤ እነርሱም በቀይ ወይን ጠጅ ቃላት ገለጹት። ሰዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ዓይን አፍንጫን ማታለሉ የሰው ሁሉ ባሕርይ ነው። እንግዲህ ልጃችን ሃይማኖቱን የሚያስይዘው ቀለም ለሚያታልለው ዕውቀት ነውን?

«አንድ ብርጭቆ ለልብ ይጠቅማል» የሚሉም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮል መጠጥን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የድርጅቱ የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት በጥር 2023 ለጤና አስተማማኝ የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። በድርጅቱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በአልኮል ምክንያት ሞተዋል። ከእነዚህ ስንቱ ጋር ሐዘን ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ አለ!

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። ወጣቱን «ሐራም ነው» ብሎ መልእክት መላክ ቀላል ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍለው ግን እርሱ ነው፤ በወር መጨረሻ ገንዘብ ላክ የምንለውም እኛው ነን። ለሠርግ ድንኳን የምናፈሰውን ገንዘብ ለአንድ ልጅ የሐላል ሙያ አውጥተን እናውቃለን? የሐራምን በር ዝጋ ያለ ሰው የሐላሉን በር ማሳየት አለበት።

በሩ ደግሞ ሩቅ አይደለም። አፍንጫና ምላስ የአላህ ጸጋ ናቸው፤ በአገራችን በእነርሱ የሚያድሩ ቡና ቀማሾች አሉ። የሐረርን ከይርጋጨፌ፣ የጅማን ከሲዳማ ለይተው የሚያውቁ ሰዎች በዓለም ገበያ ይፈለጋሉ፤ ለዚህም «ኪው ግሬደር» የሚባል ዓለም አቀፍ የብቃት ማረጋገጫ አለ። ቀህዋ የሚለው የዐረብኛ ቃል ራሱ ቀድሞ ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ነበር፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዮች ለሌሊት ዚክር ይጠጡት የነበረው ቡና ስሙን ወረሰ። እነርሱ ከኸምር ስም ወስደው ለሐላል ሰጡ፤ እኛ ለኸምር የሐላል ስም እናውስ?

ልጁ የአሠሪውን ግብዣ አልተቀበለም። ኮርሱን ሌላ ባልደረባው ወሰደ፤ ጭማሪውም ለእርሱ ሆነ። የእኛ ልጅ በቀድሞው ደመወዙ ላይ ነው፤ ብርጭቆ የማይቀዳበት ሥራም እየፈለገ ነው። ዋጋ ከፍሏል። አባቱ በየወሩ ላክ ይሉት የነበረውን ገንዘብ ለጊዜው ትተውለታል፤ እኔም የሚያውቁኝን ቡና ነጋዴዎች እየጠየቅኩለት ነው። እናንተስ፣ ወላጆች፣ በውጭ ላለው ልጃችሁ ስትደውሉ «ምን ያህል አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ከምን አገኘህ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን?

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ ለእርሱ ብሎ የተወን ሰው በተሻለ ይተካው። አሚን።