በወረርሽኝ ጊዜ ስለ ገበታ ልማድ

የሰው አመጋገብ በገበያ ዋጋና በኪስ አቅም ብቻ የሚወሰን አይደለም። ማን አስቀድሞ እንዲቈርስ፣ ማን በመጨረሻ እንዲቀርብ፣ በየትኛው ቀን ምን እንዲበላ የሚያዝዘው የቤተ ሰብና የጎረቤት ልማድ ነው። ይህም በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን በግልጽ ታይቶአል። ወረርሽኙ ቢያልፍም ትምህርቱ እንዳይረሳ፣ ሹማምንትም ካህናትም ሊያስቡበት ይገባል።

በሽታው በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደ ብዙ አገሮች ከቤት መውጣት ፈጽሞ ባይከለከልም፣ ከ4 ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ። ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበረ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ ሳምንት ሳይሞላም የሙስሊም ወንድሞቻችን የረመዳን ጾም ገባ።

በምዕራብ አዲስ አበባ ያለውን ኮልፌ ቀራንዮን እንመልከት። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ለአጥር ተጎራብቶ የሚኖርበት፣ ብዙውም ሰው ወደ መርካቶ ሄዶ በዕለት ሥራ ያገኘውን ማታ ይዞ የሚገባበት ክፍለ ከተማ ነው። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ የሚኖርበት፣ በአንድ ማድ ቤትም በየተራ የሚበሰልበት ስፍራ ጥቂት አይደለም። አዋጁ ሰውን በ4 ቈጠረ፤ ገበታው ግን የራሱ ቍጥር አለው። በአንድ መሶብ ዙሪያ መቀመጥ፣ መጐራረስ፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤት መጥራት፣ ለፋሲካ ቅርጫ መግባት፣ ለማፍጠሪያ ከተሠራው ለጎረቤት ማካፈል፣ ይህ ሁሉ የፍቅር ማሰሪያ ነው። የተወውም ሰው ንፉግ ወይም ኩሩ ይባላልና፣ ከበሽታው ይልቅ ለስሙ የሚፈራ ብዙ ነው።

ጾሙ ለድኻው ቤት አንድ ምሕረት ነበረ። ባለጸጋውም ድኻውም ሽሮና ምስር በሚበላበት ወራት፣ ያጣ ሰው ማጣቱ አይታወቅበትም። ፋሲካ በደረሰ ጊዜ ግን ዶሮ በ12 ብልት ተበልቶ፣ ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ሌላውም በየማዕርጉ የሚታደልበት ሥርዓት መጣ። የዕለት ሥራው የቀረበት አባወራም ልጆቹን ላለማሳፈር ሲል መበደር ግድ ሆነበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእናት ድርሻ ነው። በብዙ ቤት ልማዱ አባትና እንግዳ አስቀድመው፣ ከዚያ ልጆች፣ እናት በመጨረሻ የተረፈውን እንድትበላ ነው። በዚያው ዓመት የከተማው አስተዳደር ወደ 300 ሺህ ለሚጠጉ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ምግብ ማብላት ጀምሮ ነበረ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ወደ እናታቸው ድስት ተመለሱ። ድስቱ ሳይሰፋ ተመጋቢው ሲበዛ፣ የሚጐድለው የማን ድርሻ እንደ ሆነ ልማዱን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባደረገው ጥናት፣ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቤቶች ምግብ ከቀድሞው ዓመት ጋር ሲመዛዘን በጠቅላላው እንዳልቀነሰ ተገልጦአል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን የተቈጠረው ቤቱ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ማን ጠግቦ ማን ጦሙን እንዳደረ በዚህ ቍጥር አይታይም።

በዚያ ወራት መንግሥት ማዕድ ማጋራት የሚለውን ጥሪ ባሰማ ጊዜ ሕዝቡ ቶሎ የተቀበለው፣ ነገሩ ከጥንት ልማዱ ጋር የተስማማ ስለ ሆነ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን? ስለዚህ ወደ ፊት እንዲህ ያለ መከራ ቢመጣ፣ አዋጅ የሚያወጡ ሹማምንት የጾሙንና የበዓሉን ቀን አስቀድመው ይመልከቱ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተማሪው ምሳ አብሮ እንዳይዘጋ መንገድ ያብጁ፤ እርዳታውንም የየቤቱን ችግር በሚያውቁት በእድሮች እጅ፣ ተቀባዩ በማያፍርበት አኳኋን ያድርሱ። የንስሐ አባቶችም ለነፍሰ ጡርና ለድውይ ጾሙን በማቅለል፣ አባወራውንም እናት ከልጆቿ ጋር እኩል እንድትቀርብ በመምከር፣ ፍቅርም በጉርሻ ብቻ ሳይሆን በተለየ ሳህን በተላከ ወጥ እንዲገለጥ በማስተማር ይርዱ።

ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና 101 ዓመት አለፈ። የሚቀጥለው መቼ እንዲመጣ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። የእኛ ፈንታ ደጅ ሲዘጋ በመጨረሻ የምትቀርበውን እናት አስቀድሞ ማሰብ ነው።